ወረቀት የያዘውና ትከሻ የያዘው

የባሌትን ታሪክ በዘጋቢ ፊልም ለሚከታተል ሰው የ«ስዋን ሌክ» ዕጣ ትምህርት ነው። የቻይኮቭስኪ ሙዚቃ በኖታ ተጽፎ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1877 ሞስኮ ላይ ከቀረበበት ዕለት ጀምሮ እስከ እኛ ዘልቋል፤ ሬይዚንገር ያቀናበረው የመጀመሪያው ውዝዋዜ ግን ጠፍቷል። ዛሬ በብዙ መድረክ የሚታየው መሠረቱ ፔቲፓና ኢቫኖቭ እ.ኤ.አ. በ1895 ያዘጋጁት ነው።

ይህን ሳስብ ልቤ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ይሻገራል። በብቸና አቅራቢያ የምትገኘውን ዲማ ጊዮርጊስን የ«ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢ ሁሉ ያውቃታል። በዲማም ሆነ በሞጣ ጊዮርጊስ፣ በክብረ በዓል ሌሊት ሊቃውንቱ የያሬድን ዜማ በቁም ይጀምሩታል፤ በመቋሚያ ይዘሙታል፤ ከበሮው ሲገባ በመረግድ ያደምቁታል፤ በጽፋትም እያጨበጨቡ ያፋጥኑታል።

ዜማው በድጓው ላይ ምልክት አለው፤ ምልክቱንም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት በትውፊት ይነገራል። የሰውነቱ ስልት ግን ከመምህሩ ትከሻ ወደ ተማሪው ትከሻ በዐይን የሚተላለፍ ነው። በዚያው ሌሊት የሚዘረፈው ቅኔም ሰሚ ካልያዘው በንጋት አይገኝም።

መምህሩ ሲያርፍ፣ ተማሪ ካልተካ፣ ትከሻውም አብሮት ይቀበራል። የሞስኮው ውዝዋዜ በጠፋበት ዘመን ተንቀሳቃሽ ምስል የሚቀርጽ ካሜራ አልነበረም፤ እኛ ግን በኪሳችን ይዘነው ምን ብለን እናመካኛለን?