እግር የሚሠራበት ቤት

መቀሌ ላይ ዓይናለም ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ውሃ ነው፤ ከተማዋን የሚያጠጡት ዋነኞቹ ጉድጓዶች ያሉት እዚያ ነው። ጉድጓድ አንዴ ይቆፈራል፣ ፓምፑ ግን ሁሌም መለዋወጫ ይፈልጋል። የጦር ጉዳተኛ ሕክምናም እንዲሁ ነው። ታሪካችንን ሳነበው ግን የሚታቀደው ቁፋሮው ብቻ ይመስለኛል።

ደርግ በወደቀ ማግስት፣ ሰኔ 1983፣ የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተመሠረተ። ወደ 455,000 የሚጠጉ የደርግ ወታደሮችን ወደየቤታቸው ሸኘ። ትልቅ ሥራ ነው፣ አይካድም። ግን ኮሚሽን ሥራውን ሲጨርስ ይዘጋል። ከኤርትራው ጦርነት በኋላም በዓለም ባንክ ገንዘብ ሌላ ፕሮጀክት መጣ፤ እሱም ጊዜው አለቀና ሄደ።

እስቲ እናስላው። ሰው ሠራሽ እግር እንደ አጠቃቀሙ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። በ20 ዓመቷ እግሯን ያጣች ታጋይ 60 ብትደርስ 10 ያህል እግር ያስፈልጋታል ማለት ነው። መሀል ላይ ሰውነቷ ይከሳል ወይ ይወፍራል፣ የለካችው ይላላል፣ ይልጣታል። ስለዚህ የምትፈልገው የሆስፒታል አልጋ ሳይሆን ዎርክሾፕ ነው፦ ጀሶ፣ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ፣ እሱን የሚያለሰልስ ምድጃ፣ የማይቋረጥ መብራት፣ ከሁሉም በላይ እጁ የለመደ ባለሙያ።

መቀሌ እንዲህ ያለ ቤት አላት፤ የትግራይ የጦር ጉዳተኞች ማህበር የሚያስተዳድረው የኦርቶ-ፊዚዮቴራፒ ማዕከል። ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ሲደግፈው ኖሯል፣ ሲቪሉም ይገለገልበታል። ከሰኔ 2013 በኋላ ባንክ፣ ስልክና ነዳጅ ሲቋረጥ ግን፣ ቁስለኛ በሚበዛበት በዚያው ሰዓት የዕቃው መንገድ ተዘጋ።

ኅዳር 2017 ከመቀሌ ሥራውን የጀመረው የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን በመላ አገሪቱ 371,971 የቀድሞ ተዋጊዎችን ሊያቋቁም አቅዷል። እንግዲህ ደግሞ ኮሚሽን! አሜሪካኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946 እ.ኤ.አ.፣ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎቻቸውን ከሕክምና ትምህርት ቤቶች ጋር አቆራኙ። ሐኪሙም ተማሪውም በዚያው ይመላለሳል፤ ፕሮጀክት ስላለቀ የሚበተን ነገር የለም። መቀሌም እኮ ዓይደር አላት፣ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል። ዎርክሾፑ ከእሱ ጋር ተያይዞ ቋሚ የሥራ መደብና ዓመታዊ በጀት ቢኖረው፣ ፕላስቲኩን የመግዛት ጉዳይ የለጋሽ ፈቃድ መሆኑ ይቀር ነበር። ዓይናለም ሜዳ ላይ አዲስ ሕንፃ ይመረቅ ቢባል እንኳ እኔ ቀድሜ የምጠይቀው ይህን ነው።

ቀጥሎ ስለ ማደሪያ እጠይቃለሁ። ልክ ተወስዶ፣ ተሠርቶ፣ ተሞክሮ፣ መራመድ እስኪለመድ ቀናት ይፈጃል፤ ከአድዋ ወይ ከማይጨው የመጣ ሰው እነዚያን ቀናት የት ይደር?