«የህንድ ጣዕም» የማን ነው?

ሽሪምፕና አናናስ በሽቦ ላይ እያፈራረቁ መሰካት፣ በቀይ በርበሬ፣ በእርድ፣ በከሙንና በቁንዶ በርበሬ ማሸት፣ ከዚያ ፍም ላይ መጥበስ። እንዲህ ያለ ምግብ ሲቀርብልን «የህንድ ጣዕም» ይባላል፤ እኛም አንከራከርም። እስኪ ዛሬ አንድ በአንድ ከሽቦው እያወረድን አገሩን እንጠይቀው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከአናናሱ እንጀምር። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ነው። ኮሎምበስ በ1493 በካሪቢያኗ ጓዴሎፕ ደሴት አገኘው፤ ወደ ህንድ ያሻገሩት ፖርቱጋሎች ናቸው። እኛ «አናናስ» የምንለው ስም ራሱ ከብራዚል ነባር ሕዝቦች፣ ከቱፒዎች ቋንቋ የመጣ ነው።

በርበሬውም አሜሪካዊ ነው። ከ1492 በፊት ህንድ ውስጥ ቀይ በርበሬ የቀመሰ ሰው አልነበረም። በእኛም አገር አልነበረም። ያለ በርበሬ ወጥ የሠሩ ኢትዮጵያውያን እናቶች ነበሩ ብሎ ማሰብ ይከብዳል፤ ግን ነበሩ፣ ያውም ለብዙ ትውልድ።

ሽሪምፑስ? የዛሬው የህንድ እርባታ በአብዛኛው የቆመው ቫናሜ በተባለ ዝርያ ላይ ነው። የተፈጥሮ ቤቱ ከሜክሲኮ እስከ ፔሩ ያለው የፓስፊክ ዳርቻ ሲሆን ህንድ እንዲረባ የፈቀደችው በ2009 ነው።

ታዲያ የህንድ የሆነው ምኑ ነው? ቁንዶ በርበሬው። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ካሊከት የደረሰው ይህችን ጥቁር ፍሬና መሰሎቿን ፍለጋ ነው። ገበያው ሲደርስ ባዶ አልነበረም፤ ዓረቦች፣ ጉጃራቶችና የማላባር ነጋዴዎች ለዘመናት ሲገበያዩበት ኖረዋል። ፖርቱጋሎች ግን መድፍ ይዘው መጡ። በ1502 ዳ ጋማ ከመካ የሚመለሱ ሐጃጆችን የጫነች መርከብ ይዞ፣ ሴቶችና ሕፃናት እያሉባት አቃጠላት። በ1510 አልቡከርክ ጎዋን ያዘ። አናናስና በርበሬ ህንድ የገቡት በዚህ በር ነው።

የዚሁ ሰው ልጅ ክሪስቶፎር ዳ ጋማ በ1541 ከጎዋ በተነሳ የመርከብ ጦር ምጽዋ ደርሶ፣ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ ወደ መሃል አገር ዘለቀ፤ ከኢማም አህመድ ጦር ጋር ሲዋጋ ተማርኮ በ1542 ተገደለ። በብዙ የታሪክ መጽሐፎቻችን «በጭንቅ ጊዜ የደረሰ» ተብሎ የሚነሳው የዳ ጋማ ስም በማላባር ዳርቻ ሌላ ትዝታ አለው። ሁለቱም ትዝታዎች እውነት ናቸው።

ነገሩ ያለፈ ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2025 አሜሪካ በህንድ ዕቃዎች ላይ የጣለችው ቀረጥ 50 በመቶ ሲደርስ መጀመሪያ ከደነገጡት መካከል የአንድራ ፕራዴሽ ሽሪምፕ አርቢዎች ነበሩ፤ ትልቁ ገዢያቸው አሜሪካ ነበረችና። ከአሜሪካ ዳርቻ የሄደ ዝርያ አርብተው መልሰው ለአሜሪካ ይሸጣሉ። ዋጋውን የሚወስነው ግን ኩሬው ዳር የቆመው ሰው አይደለም። በ1502ም ባሕሩን የነገሠበት መድፍ የያዘው እንጂ በርበሬውን የለቀመው አልነበረም።

ታዲያ ምግቡ የህንድ አይደለም ልል ነው? አይደለም፤ የህንድ ነው። ባለቤትነት ከዘሩ አገር ሳይሆን ከእጅ ይመጣል። የህንድ ምግብ አብሳዮች በጉልበተኛ መርከብ የመጣውን እንግዳ ፍሬ ከእርድና ከከሙን ጋር አስማምተው የራሳቸው አደረጉት። እኛም ብንሆን በርበሬን የራሳችን ያደረግነው እዚህ ስለተፈጠረ ሳይሆን ቀንጥሰን፣ ደልዘን፣ ወቅጠን ሌላ ነገር ስላደረግነው ነው።

ስለዚህ በማኅበራዊ ሚዲያ «ይህ ምግብ የእኛ ብቻ ነው» እያልን ስንሰዳደብ ሁለት ነገር አንርሳ። ከባሕር ማዶ ያልመጣ ነገር ብቻ እንብላ ካልን ሞሰባችን ይጎድላል። የመጣበትን መንገድ ከረሳን ደግሞ የተቃጠሉትን ሰዎች ሁለተኛ እናቃጥላቸዋለን።