የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ለውጥ እና የቤተሰብ ተጋላጭነት

የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ለውጥ (ዲስፕላዢያ) የማህፀን በርን የሚሸፍኑ ሴሎች ጤናማ መልካቸውን ሲለቁ የሚታይ ሁኔታ ነው፤ ካንሰር ግን አይደለም። መንስኤው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ (ኤች.ፒ.ቪ.) ነው። በሦስት ደረጃ ይመደባል። አንደኛው ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ ሦስተኛው ካልታከመ ከዓመታት በኋላ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል።

የዘር ድርሻ

ቫይረሱ በዘር አይወረስም። ሆኖም እናቷ ወይም እህቷ በዚህ ሕመም የተያዙባት ሴት የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች ከፍ ይላል። ሲያከራክር የኖረው የዚህ ምክንያት ነው። እህትማማቾች ከዘረመል ሌላ አስተዳደግንም ይጋራሉ፤ ሲጋራ ማጨስ፣ የጋብቻ ዕድሜና ለምርመራ የመሄድ ልማድ በአንድ ቤት ሊመሳሰሉ ይችላሉ።

ደምንና ኑሮን ለይቶ ለማየት ያስቻለው የስዊድን መዝገብ ነው። አገሪቱ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የካንሰር ሕሙማንን በብሔራዊ መዝገብ ትይዛለች፤ ወላጆችን፣ ልጆችንና የማደጎ ዝምድናን የሚያሳይ መዝገብም አላት። ማግኑሰን፣ ስፓሬንና ዩለንስተን በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ወላጅ እናቷ የታመመችባት ሴት ተጋላጭነት 1.83 እጥፍ፣ በሁለቱም ወላጆች የምትዛመዳት እህቷ የታመመችባት 1.93 እጥፍ፣ በአንድ ወላጅ ብቻ የምትዛመዳት እህቷ የታመመችባት ደግሞ 1.45 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በማደጎ እናት በኩል ግን 1.15 ብቻ ነበር፤ ይህም በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችል ልዩነት አያልፍም። ዝምድናው በራቀ ቁጥር ተጋላጭነቱ መቀነሱ ወደ ዘረመል ያመለክታል። በዓመቱ የወጣ ተከታይ ሥራ የዘረመልን ድርሻ 27 በመቶ ገደማ ገምቶታል። ግምቱ የአንድ አገር ሕዝብ ስለሆነ ለሌላው እንዳለ መውሰድ አይገባም።

የሚወረሰው ምናልባት ቫይረሱን ከሰውነት የማስወገድ አቅም ነው። ጥርጣሬው በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ በሚገኙት ኤች.ኤል.ኤ. በተባሉ የበሽታ መከላከያ ዘረመሎች ላይ ያተኩራል፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ዓይነቶች ተጋላጭነትን ሲጨምሩ፣ ዲ.አር.ቢ.1*13 የተባለው ቡድን የመከላከል ዝንባሌ ይታይበታል።

ከቫይረሱ ጋር የማይያያዝ ብርቅ ሁኔታም አለ፤ ፖይትዝ ጄገርስ የተባለው የዘር ሕመም ያለባቸው ሴቶች ለአንድ የተለየ የማህፀን በር ካንሰር ይጋለጣሉ።

ከሌሎች መንስኤዎች ጋር ሲነጻጸር

የቤተሰብ ታሪክ ሁለት እጥፍ ገደማ ሲጨምር፣ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለ ሴቶች ለማህፀን በር ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት ስድስት እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ የዘር ድርሻ እውነት ቢሆንም ትልቁ ምክንያት አይደለም።

በኢትዮጵያ

የኤች.ፒ.ቪ. ክትባት በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች በአሴቲክ አሲድ በሚደረግ የዓይን ምርመራ ይታያሉ። እናቷ ወይም እህቷ የታመመችባት ሴት ይህን ለመርማሪዋ ትንገር፤ በቤተሰቧ ማንም ያልታመመባትም ምርመራውን አትተው።