ከውጤት መዝገብ የተፋቀችው መኪና

በጥር 1966 (ቀኑና ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሦስት ቀያይ ሚኒ ኩፐሮች የሞንቴ ካርሎን ራሊ ተከታትለው ጨረሱ። ፊንላንዳዊው ቲሞ ማኪነን አንደኛ፣ የአገሩ ልጅ ራውኖ አልቶነን ሁለተኛ፣ የሰሜን አየርላንዱ ፓዲ ሆፕከርክ ሦስተኛ። ዳኞቹ መኪኖቹን አቁመው መፈተሽ ጀመሩ፤ በመጨረሻም ጥፋቱን ከመብራቱ ላይ አገኙት። የፊት መብራቶቹ አምፖል ባለ አንድ ክር ስለነበር ከረጅም ወደ አጭር አይቀየርም፤ አጭሩን ብርሃን የሚሰጡት ከፊት የተጨመሩት ሌሎች መብራቶች ነበሩ። ይህ ከደንብ ውጭ ነው ተባለና ሦስቱም ሚኒዎች፣ አራተኛ የወጣችው የሮጀር ክላርክ ፎርድ ኮርቲናም ጭምር፣ ከውጤት ተሰረዙ። ዋንጫው ሲትሮኤን ለነዳው ለፓውሊ ቶይቮነን ተሰጠ።

በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ልጆች ከአሻንጉሊት መደብር የገዟት መኪና ግን የቶይቮነን ሲትሮኤን አልነበረችም። ኮርጂ የተባለው ድርጅት በ321 መለያ ቁጥር ያወጣት ቀይ ሚኒ ነበረች፤ ጣሪያዋ ነጭ፣ በሯ ላይ የማኪነን የውድድር ቁጥር 2፣ በጣሪያዋ ላይ ደግሞ የማኪነንና የረዳቱ የፖል ኢስተር ፊርማ። የውጤት መዝገቡ የፋቀውን ስም ከመዳፍ የማትበልጥ መጫወቻ ይዛው ቀረች። ዛሬ የራሊ ሞዴል የሚሰበስቡ ሰዎች ያቺን ሚኒ የሚፈልጓት ለዚህ ነው።

የራሊ ሞዴል ከሌላው ሞዴል የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ተራ ሞዴል አንድን የመኪና ዓይነት ያሳያል። የራሊ ሞዴል የሚያሳየው ግን አንዲትን መኪና፣ በአንድ ውድድር፣ በአንድ ቀን የነበራትን መልክ ነው። ቁጥሯ፣ ታርጋዋ፣ ኮፈኗ ላይ የተደረደሩት መብራቶች ብዛት፣ የሾፌሩና የረዳቱ ስም፣ ሁሉም የዚያ ቀን መሆን አለበት። አንድ መብራት ከተሳሳተ ሞዴሉ የሌላ ቀን መኪና ይሆናል። ሰብሳቢዎች በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ሰዓታት የሚያጠፉትና እርስ በርስ የሚከራከሩት በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ይህን ክርክር እንደ ታሪክ ሥራ ነው የማየው።

የሞዴሎቹ መጠን ራሱ ታሪክ አለው። አብዛኞቹ የራሊ ሞዴሎች ከእውነተኛው መኪና 43 ጊዜ ያነሱ ናቸው። ይህን የሚያስገርም ቁጥር ያመጣው የአሻንጉሊት ባቡር ነው። የሊቨርፑሉ ፍራንክ ሆርንቢ ባቡሮቹ የሚሠሩበት የእንግሊዝ ልኬት እያንዳንዱን ጫማ (ፉት) በ7 ሚሊ ሜትር ይወክል ነበር፤ ሲሰላ ወደ 43 ከግማሽ ይመጣል። በ1930ዎቹ ከጣቢያው አጠገብ የሚቆሙ ትንንሽ መኪኖች ተሠሩ፤ ዲንኪ የሚለው ዝነኛ ስም የወጣው ከእነዚያ ነው። ባቡሩን የማያውቅ የዛሬ ሰብሳቢም በባቡሩ ልክ ይገዛል።

የዲንኪ ተፎካካሪ የሆነው ኮርጂ የተወለደው ከስደት ነው። ፊሊፕ ኡልማን በጀርመኗ ኑረምበርግ የአሻንጉሊት ፋብሪካ የነበረው አይሁዳዊ ነበር። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በ1933 ወደ እንግሊዝ ሸሽቶ በኖርዝሃምፕተን ሜቶይን አቋቋመ፤ ከኑረምበርግ የተሰደደው አርተር ካትዝም ተቀላቀለው። ድርጅቱ ከጦርነቱ በኋላ በዌልስ፣ በስዋንሲ ፋብሪካ ከፈተ፤ በ1956 ኮርጂ በሚል ስም መኪኖች ማውጣት ጀመረ። ዲንኪዎች መስኮታቸው ክፍት ቀዳዳ በነበረበት ጊዜ የኮርጂ መኪኖች መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ ነበራቸው። ዝርዝር ነገር ላይ ያደረጉት ይህ ጥንቃቄ በኋላ ለራሊ መኪኖች በጀ።

በ1964 ሆፕከርክና ሄንሪ ሊደን በቁጥር 37 ሚኒ ሞንቴ ካርሎን ሲያሸንፉ ኮርጂ መኪናዋን አወጣት። በ1965 ማኪነንና ኢስተር ሲያሸንፉ ቁጥር 52ን አወጣ። በ1967 አልቶነን የኦቬ አንደርሰንን ላንቺያ በ13 ሰከንድ ብቻ ቀድሞ የተነጠቀውን ድል ሲያስመልስ ደግሞ ቁጥር 177 ወጣች። ይህችን የመጨረሻዋን ልብ በሉ፤ ጣሪያዋ ላይ በተገጠመው የዕቃ መጫኛ ሁለት ትርፍ ጎማዎች ተጭነዋል። በዚያ ዓመት የሞንቴ ካርሎ ደንብ የጎማ ቁጥር ስለገደበ ቡድኑ ጎማዎቹን ጣሪያ ላይ ይዞ ነበር የሄደው። ያንን ደንብ ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ በሞዴሏ ላይ ግን እንዳለ ተቀምጧል።

በ1970ዎቹ ሰብሳቢዎቹ አደጉ፤ በልጅነታቸው ያገኙት መጫወቻ አላረካቸውም። ፋብሪካዎች ያላሰቧቸውን መኪኖች ፈለጉ። በእንግሊዝ እንደ ጆን ዴይ፣ በፈረንሳይ እንደ አንድሬ ማሪ ሩፍ ያሉ ባለሙያዎች በትንሽ የሥራ ክፍል ለስላሳ ብረት እያቀለጡ ያልተገጣጠሙ ሞዴሎች ማውጣት ጀመሩ። ገዢው ራሱ በሞረድ ያስተካክላል፣ ይቀባል፣ ይገጥማል፤ በመጨረሻም ውኃ ውስጥ የተነከረውን ተለጣፊ ቁጥር በብሩሽ እየገፋ በሩ ላይ ያሳርፋል። ሌሎችም የፈረንሳዩን ሶሊዶ መኪና ገዝተው ቀለሙን ልጠው የሚፈልጉትን ራሊ ያደርጉት ነበር። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በአንጻሩ ጊዜ ከዳቸው፤ የዲንኪ ፋብሪካ በ1979 ተዘጋ፣ ሜቶይም በ1983 ከሠረ። የራሊው ሥራ ወደ ፖርቱጋሎቹ ቪቴስና ትሮፌው፣ ከዚያም በቻይና ወደሚያስመርቱ ድርጅቶች ተሻገረ።

ሰብሳቢ ሁሉ የሚፈራው ሕመምም አለ። ብዙዎቹ የፋብሪካ ሞዴሎች የሚቀረጹት ከዚንክ ቅልቅል ነው፤ ቅልቅሉ ውስጥ ጥቂት እርሳስ ከገባ ብረቱ ከውስጥ እየተሰነጠቀና እያበጠ ከዓመታት በኋላ ይፈርሳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ብዙ ዲንኪዎች በዚህ አልቀዋል። መድኃኒት የለውም።

ወደ መጀመሪያው ታሪክ ስንመለስ፣ የቶይቮነን ቤተሰብ ጉዳይ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ፓውሊ ባልፈለገው መንገድ ዋንጫ ከተቀበለ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በጥር 1986፣ ልጁ ሄንሪ ሞንቴ ካርሎን በላንቺያ ዴልታ ኤስ4 አሸነፈ። ይህን ድል ማንም አልፋቀውም። በግንቦት 2 ግን ሄንሪና ረዳቱ ሰርጆ ክሬስቶ በኮርሲካ ራሊ ከመንገድ ወጥተው መኪናቸው ተቃጠለ፤ ሁለቱም ሞቱ። በቀናት ውስጥ የራሊው አስተዳደር ግሩፕ ቢ የተባሉት እጅግ ኃይለኛ መኪኖች ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ እንዲቀሩ ወሰነ። የሞንቴ ካርሎዋ ላንቺያ ቁጥር 7፣ የኮርሲካዋ ቁጥር 4 ነበረች። ለማያውቅ ሰው ሁለቱ ሞዴሎች ከቁጥር በቀር ልዩነት የላቸውም። ቁጥር 4ን ገዝተው የሚያስቀምጡ አሉ፤ እኔ ቁጥር 7ን ከአባቱ ሲትሮኤን ጎን ማቆም ይሻላል ባይ ነኝ።

ለእኛ ቅርብ የሆነው መደርደሪያ የጎረቤታችን የኬንያ ነው። የሳፋሪ ራሊ የተጀመረው በ1953፣ የዳግማዊት ኤልሳቤጥን የንግሥና በዓል ምክንያት አድርጎ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ መንገዶች ላይ ነው። የሚወዳደሩትም መኪኖች አዲስ አበባ በደንብ የምታውቃቸው ነበሩ። በ1962 ያሸነፈው የቶሚ ፊያስታድ ቮልስ ነበር። በ1963 ከተነሡት 84 መኪኖች የደረሱት ሰባት ብቻ ሲሆኑ ቀዳሚዋ የኒክ ኖቪትስኪና የፓዲ ክሊፍ ፔጆ 404 ነበረች። ኮርጂም በ1960ዎቹ አጋማሽ ለሳፋሪ የተዘጋጀች ቮልስ አውጥቷል፤ ጣሪያዋ ላይ ያለውን ትርፍ ጎማ ሲያዞሩት የፊት እግሮቿ ይዞራሉ፣ ከሳጥኑ ውስጥም አንድ አውራሪስ አብሮ ይመጣል። ልጆች መኪናዋን ሲይዙ አውራሪሱን ስለሚጥሉት ሁለቱ አብረው የተገኙ እንደሆነ ዋጋው ይጨምራል።

ዳትሰን 240 ዜድም አለች፤ በ1971 ኤድጋር ሄርማን፣ በ1973 ኡጋንዳ የተወለደው ሼካር ሜታ ያሸነፉባት። ሜታ በኋላ ከ1979 እስከ 1982 በተከታታይ አራቴ በማሸነፍ ድሉን አምስት አድርሷል። በ1974 ደግሞ ጆጊንደር ሲንግ ያሸነፈባት ሚትሱቢሺ ላንሰር አለች።

የአፍሪካን ራሊ መሰብሰብ የሚፈልግ ሰው ከየቱ ልጀምር ቢለኝ ግን ከሁሉም በፊት የሲንግን የ1965 ቮልቮ እጠቁመዋለሁ። ያቺ ፒ ቪ 544 አዲስ አልነበረችም። የስዊድኑ ፋብሪካ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሳፋሪ ላይ አሰልፏት ስላልቀናው ትቷት የሄደች መኪና ናት። ሲንግና ወንድሙ ጃስዋንት ገዝተው ራሳቸው አደሷት፤ ቁጥር 1ን ለጥፈው ከሁሉም ቀድመው ተነሡ፣ ከሁሉም ቀድመው ገቡ፤ ሁለተኛ የወጣውን መኪና ከአንድ ሰዓት በላይ በልጠውት ነበር። ሞዴሏን የሚገዛ ሰው በሩ ላይ ያለው ቁጥር 1 መሆኑን ይመልከት።