እጥፍ ማስያዝ ያዋጣል? የውርርድ ስልቶችና የገንዘብ አያያዝ

ቁማር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ካርታው፣ ኮንከሩ፣ ቢንጎው፣ ከረምቡላው ከከተማ ሕይወት ጋር አብሮ የኖረ ነው። ብሔራዊ ሎተሪም ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ዕድልን በሕጋዊ መንገድ ሲሸጥ ቆይቷል። አዲሱ ነገር የስፖርት ውርርድ፣ በተለምዶ ቤቲንግ የምንለው፣ ከአቋማሪ ቤት ወጥቶ በየሰው ኪስ መግባቱ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ገንዘብ ማንቀሳቀስ ስልክ የመነካካት ያህል ቀሏል። ፒያሳ ጎንደር የተቀመጠ የባንክ ሠራተኛም ሆነ መካነ ብርሃን ላይ የተመደበ መምህር፣ ኔትወርክ እስካለ ድረስ፣ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ትኬት ለመቁረጥ እኩል ዕድል አላቸው። ለመበላትም እንዲሁ።

ይህ ጽሑፍ ቁማር ኃጢአት ነው አይደለም የሚለውን ለሃይማኖት አባቶች ይተዋል። የሚመለከተው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ «ስልት አለኝ» ሲሉ ይሰማል። ለመሆኑ ይህ ስልት የሚሉት ነገር ምንድን ነው? ሒሳቡስ ምን ይላል?

ዋና ዋናዎቹ ስልቶች

ከሁሉ የታወቀው ማርቲንጌል ይባላል። ሲበሉ እጥፍ ማስያዝ ነው። 10 ብር ቢበሉ 20፣ ያም ቢበላ 40፣ ከዚያ 80 እያሉ መቀጠል። አንድ ጊዜ ሲያሸንፉ የጠፋው ሁሉ ይመለስና 10 ብር ይተርፋል።

ሁለተኛው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ በዳላምበር ስም ይጠራል። ሲበሉ በአንድ መደብ መጨመር፣ ሲያሸንፉ በአንድ መደብ መቀነስ ነው። ሦስተኛው የፊቦናቺን ተርታ የሚከተል ሲሆን፣ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13 እያለ ያድጋል። አራተኛው በእንግሊዛዊው ፖለቲከኛ በሄንሪ ላቡሼር ስም የሚታወቀው ነው። ቁጥሮችን በተርታ ጽፎ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ደምሮ ማስያዝ፣ ሲያሸንፉ ሁለቱን መሰረዝ፣ ሲበሉ የተበላውን ከተርታው ጫፍ መጨመር ነው። ፓሮሊ የሚባለው ደግሞ የማርቲንጌል ግልባጭ ሲሆን፣ እጥፍ የሚያስይዘው ሲያሸንፉ ነው።

ስማቸውና ፍጥነታቸው ቢለያይም ሁሉም የሚነኩት የሚያስይዙትን መጠን ብቻ ነው። የማሸነፍ ዕድሉን አንዳቸውም አይነኩትም። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ሒሳቡ

በአውሮፓ ካዚኖዎች ያለው ሩሌት 37 ቁጥሮች አሉት። 18 ቀይ፣ 18 ጥቁርና አንድ ዜሮ። በቀይ ላይ ያስያዘ ሰው ከ37 አንዱን 18 ጊዜ ያሸንፋል፣ 19 ጊዜ ይበላል። የቤቱ ብልጫ 2.7 በመቶ ነው። ሁለት ዜሮ ባለው የአሜሪካኖቹ ሩሌት 5.26 በመቶ ይደርሳል።

አሁን 1,270 ብር የያዘ ሰው በ10 ብር ማርቲንጌል ይጀምር እንበል። ይህ ገንዘብ የሚበቃው ለሰባት ተከታታይ ሽንፈት ነው፤ 10፣ 20፣ 40፣ 80፣ 160፣ 320፣ 640 ሲደመር ልክ 1,270 ይመጣል። ሰባት ጊዜ በተከታታይ የመበላት ዕድሉ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፣ በግምት ከ106 አንድ ነው። ስልቱን ጣፋጭ የሚያደርገውም ይኸው ነው። 105 ጊዜ 10 ብር እያነሱ 1,050 ብር ይሰበስባሉ። በ106ኛው 1,270 ብር ይሄዳል። ዜሮ የሌለበት፣ ፍጹም ፍትሐዊ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ይህ ክፉ ዕጣ ከ128 አንድ ይሆንና 127 ጊዜ የተገኘው 1,270 ብር ከጠፋው 1,270 ብር ጋር እኩል ይጣፋ ነበር። ልዩነቱ የቤቱ ድርሻ ነው። በሌላ አነጋገር ማርቲንጌል ሽንፈትን አያጠፋም፤ ያጠራቅምና በአንድ ቀን ያስከፍላል።

«ሰባት ጊዜ በተከታታይ አይሆንም» የሚል ካለ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1913 በሞንቴ ካርሎ ካዚኖ የሆነውን ያስታውስ። ኳሷ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ ወደቀች። «አሁንስ ቀይ መሆን አለበት» እያሉ ያስያዙ ሁሉ ተራቁተው ወጡ። በ10 ብር የጀመረ ሰው በ26ኛው ዙር ላይ ማስያዝ የሚኖርበት 335,544,320 ብር ነው። ኳሷ ያለፈውን አታስታውስም። የሚያስታውሰው ተጫዋቹ ብቻ ነው።

ቤቲንግ ላይ ሲመጣ

በእግር ኳስ ውርርድ ነገሩ ይብሳል። ሁለት እኩል ዕድል ያላቸው ውጤቶች ትክክለኛ ኦዳቸው 2.00 ነው። አቋማሪው ግን ሁለቱንም 1.90 ሰጠ እንበል። በዚህ ኦድ እጥፍ እያደረገ የሚሄድ ሰው አራት ጊዜ ያህል ይንገዳገዳል። 10፣ 20፣ 40 ተበልቶ በ80 ቢያሸንፍ ያወጣው 150፣ የሚከፈለው 152 ብር ነው። ትርፉ 2 ብር። በአምስተኛው ዙር 160 አስይዞ ቢያሸንፍ የሚከፈለው 304 ብር ሲሆን፣ እስከዚያ ያወጣው 310 ነው። አሸንፎ ከሰረ ማለት ነው! ብዙዎቹ «ባለ ስልቶች» ይህቺን ስሌት በወረቀት ሠርተው አያውቁም።

ብዙ ጨዋታ በአንድ ትኬት መደርደሩም ከዚህ አይሻልም። በ1.90 ኦድ ከአንድ ብር አምስት ሳንቲም ለቤቱ ይቀራል። አሥር ጨዋታ ሲደረደር የቤቱ ድርሻም አብሮ ይባዛል። አሥሩንም የማግኘት ዕድል ከ1,024 አንድ ስለሆነ 10 ብር ያስያዘ ሰው በፍትሕ ቢሆን 10,240 ብር ይገባው ነበር። ትኬቱ የሚሰጠው 6,131 ብር ገደማ ነው። ከአንድ ብር 40 ሳንቲም ያህሉ ገና ኳስ ሳይመታ ሄዷል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይህን ይመስላል።

ግብርም አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከዕድል ሙከራ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ ሲጥል፣ ተጫዋቹ ቀደም ሲል የተበላውን ገንዘብ እንዲያቀናንስ አልፈቀደም። ነጋዴ ኪሳራውን ያስመዘግባል፤ ቁማርተኛ ግን ሲያገኝ ባለገቢ፣ ሲያጣ ማንም አይደለም።

ሕጉና ቤተሰብ

ስልት ተከታዩን ከኪሱ በላይ ይስበዋል። ማርቲንጌል የሚጠይቀው ገንዘብ በየዙሩ እጥፍ ስለሚሆን፣ የራስ ሲያልቅ የሰው ገንዘብ መንካት ይመጣል። የዕቁብ ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የማኅበር ሒሳብ የያዘ ሰው «ነገ እመልሰዋለሁ» ብሎ ቢያነሳ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 እምነት ማጉደል ይለዋል። የመመለስ ሐሳብ ነበረኝ ማለት ብቻውን አያድንም። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነማ ጉዳዩ ወደ ሙስና ወንጀል ሊሻገር ይችላል።

ትዳርም አለ። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለመበደር የባልና የሚስትን ስምምነት ይጠይቃል። የአማራ ክልል በበኩሉ የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። የሁለቱም መንፈስ የጋራ የሆነው ሀብት በአንድ ሰው ውሳኔ እንዳይባክን ነው። በተግባር ግን ሚስት የምትሰማው ብዙውን ጊዜ አበዳሪው በር ሲያንኳኳ ነው።

ገንዘብ አያያዝ

እ.ኤ.አ. በ1956 የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪ የነበረው ጆን ኬሊ ምን ያህል ማስያዝ እንደሚገባ የሚያሰላ ቀመር አሳተመ። ቀመሩ የሚለው ቀላል ነው፦ በዕድሉ ላይ ያለህን ብልጫ በሚያገኘው ትርፍ አካፍልና የገንዘብህን ያን ያህል እጅ አስይዝ። ብልጫው የቤቱ ከሆነስ? መልሱ ከዜሮ በታች ይወጣል። አታስይዝ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ኤድዋርድ ቶርፕ በብላክ ጃክ ካርታ እየቆጠረ ቤቱን መብለጥ እንደሚቻል ያሳየው ብልጫውን ራሱን ወደ ተጫዋቹ በማዞር እንጂ እጥፍ በማስያዝ አልነበረም።

እንግዲህ «ጨርሶ አልተውም» የሚል ሰው የሚከተሉትን ቢይዝ ጉዳቱ ይቀንሳል። ዕድሉን እንደማያሻሽሉለት ግን ይወቅ።

1ኛ. የወሩን የውርርድ ገንዘብ እንደ ሲኒማ መግቢያ ይቁጠረው፤ ሲከፈል ያለቀ ገንዘብ ነው። የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርትና ዕቁብ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፍ ይሁን።

2ኛ. በእያንዳንዱ ውርርድ የሚያስይዘው መጠን አንድ ዓይነት ይሁን። የተበላን ለማስመለስ መጨመር የጥፋት ሁሉ መነሻ ነው።

3ኛ. በብድር፣ በአደራ ገንዘብና በቅድሚያ ደመወዝ ፈጽሞ አይወራረድ።

4ኛ. ያስያዘውንና ያገኘውን ሁሉ በደብተር ይመዝግብ። የሰው ልጅ ያሸነፈበትን ቀን ያስታውሳል፣ የተበላበትን ይረሳል። ደብተር ግን አይረሳም።

5ኛ. ሒሳቡን የትዳር ጓደኛው ይየው። ለማሳየት ካፈረ መልሱን አግኝቷል።

ወላጆችም የማስተማር ድርሻ አላቸው። ከ106 አንዱ ምን ማለት እንደሆነ የገባው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ከስልት ሻጮች ይጠበቃል። ጃናሞራ ላይ ገብስ የሚዘራ ገበሬ ውርጭ ይመታዋል ብሎ ይሰጋል እንጂ ዘሩን በየዓመቱ እጥፍ አድርጎ በዚያው ማሳ ላይ አይበትንም። ከሚዘራው ለሚበላው ያስቀራል። የገንዘብ አያያዝ የሚባለው ትምህርት ከዚህ ብዙም አይርቅም።