ባቡር ማየት፦ ከሰሐጢ ምሽግ እስከ መቀሌ ስልኮች

ባቡር ማየት ሐዲድ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን ባቡር የመመልከት፣ የሎኮሞቲቩን ቁጥር የመመዝገብ፣ ፎቶግራፍ የማንሳትና የመስመሩን ታሪክ ለሌላው የማካፈል የትርፍ ጊዜ ልማድ ነው። በኢትዮጵያ የራሱ ስም ባይወጣለትም ልማዱ አለ። መቀሌ ላይ ደግሞ ለየት ያለ መልክ ይዟል፤ በከተማዋ የጭነት ባቡር ማየት የሚቻለው በስልክ ብቻ ነው። ሐዲዱ ገና አልደረሰም።

በእንግሊዝ ልማዱ መልክ የያዘው ኢያን አለን የተባለ የባቡር ድርጅት ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1942 የሎኮሞቲቮችን ቁጥር የዘረዘረ ትንሽ መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ ነው። ልጆች መጽሐፉን ይዘው ጣቢያ ለጣቢያ እየዞሩ ያዩትን ቁጥር በእርሳስ ያሰምሩ ጀመር። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ታትሞ አያውቅም። የባቡሩን ነገር ሲያቆዩ የኖሩት ሠራተኞቹ ራሳቸው፣ ልጆቻቸውና ቋንቋው ናቸው። ፉርጎ ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው፤ ለገሃርም «ላ ጋር»፣ ማለትም ጣቢያው፣ ከማለት ወጥቶ የሰፈር ስም ሆኗል። ባቡር የሚለው ቃል ከእንፋሎት ጋር የተያያዘ ሲሆን ለእህል ወፍጮም ያገለግላል። ስለዚህ «ባቡር ቤት እሄዳለሁ» የሚል ሰው ጤፍ ተሸክሞ ሊሆን ይችላል።

ከአካባቢው የመጀመሪያዎቹ ሐዲዶች አንዱ ከመቀሌ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው፤ የተዘረጋውም ለንግድ አልነበረም። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ወደ 500 የሚጠጋ የኢጣሊያ ጦር ደመሰሱ። ሮም ለበቀል ብዙ ሺህ ወታደር ስትልክ ከምጽዋ እስከ ሰሐጢ ምሽግ 27 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሐዲድም ዘረጋች። ስንቅ፣ ውሃና ጥይት ማመላለሻ ነበር። መቀሌን መናገሻቸው ያደረጉት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1880 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን አስከትለው ሰሐጢ ፊት ለፊት ሰፈሩ። ጠላት ከምሽጉ አልወጣም፤ ከምዕራብ የደርቡሽ ወረራ፣ ከደቡብ የንጉሥ ምኒልክ ጉዳይ ያሳስባቸው ስለነበር ንጉሠ ነገሥቱ ሳይዋጉ ተመለሱ። ዛሬ ሮም ውስጥ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ የዶጋሊ ሟቾች መታሰቢያ ሆኖ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። የመቀሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ በአሉላ አባ ነጋ ስም ይጠራል። የአንድ ጦርነት ሁለት ወገኖች በሁለት የመንገደኞች ማረፊያ ላይ መታወሳቸውን ሁለቱንም የረገጡ መንገደኞች እንኳ ሁሉም የሚያስተውሉት አይመስልም።

ያ ሐዲድ ተራራውን እየወጣ በ1904 ዓ.ም. አስመራ ገባ። በጦርነት ፈርሶ ከቆየ በኋላ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተመልሰው ከምጽዋ እስከ አስመራ ያለውን ክፍል በ1995 ዓ.ም. አደሱት። ከዚያ ወዲህ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮቹንና ሊቶሪና የምትባለውን ተሽከርካሪ ለማየት ካሜራ የተሸከሙ አውሮፓውያን ወደዚያ ይጓዙ ነበር።

ሌላው ሐዲድ ለመቀሌ ይበልጥ ይቀርባል፤ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ኢጣሊያኖች የዳሎልን ፖታሽ ወደ ባሕር ለማውረድ ከመርሳ ፋጡማ ወደብ ተነስተው በ1910 ዓ.ም. ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር ያህል እስኪቀር ድረስ ጠባብ ሐዲድ ዘረጉ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጀርመንና ከሌሎች አገሮች ርካሽ ፖታሽ ሲመጣ ሥራው ቆመ፤ ሐዲዱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ተነቀለ። እዚያው የጨው ሜዳ ላይ አፋሮች ጨው እየጠረቡ ነበር፤ አርሆ የሚባለው የግመልና የበቅሎ ጉዞም አሞሌውን በበርሃሌ በኩል ወደ ትግራይ ደጋ ያወጣ ነበር። ባቡሩ መጥቶ ሄደ። ግመሉ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ፣ መንገዱ አስፋልት ለብሶ የጭነት መኪና እስኪሻማው ድረስ፣ የመስመሩ ጌታ ሆኖ ቆየ።

በማኅበራዊ ሚዲያ ከሚዞሩት የባቡር ፎቶግራፎች ብዙዎቹ ፈረንሳዮች ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የዘረጉት መስመር ናቸው። ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዋንም እሱ ፈጠራት። ከዚያ ሐዲዱን የሚዘረጋው ድርጅት ከሰረ፤ ሌላ ተቋቁሞ በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ወደ ስደት የወጡት በዚሁ መስመር ነው። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ ባቡር ኩርባ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። የቤተሰብ አልበም እያገላበጡ ፎቶ የሚለጥፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስለዚህ ቀን ዝም ይላሉ።

ፎቶግራፎቹ ሲዞሩ መግለጫቸው ይጠፋል፤ የአስመራው ድሬዳዋ፣ የድሬዳዋው ለገሃር ተብሎ ይለጠፋል። ለመለየት ግን አያስቸግርም። ከሐዲዱ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከተዘረጋ ምስሉ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ የተነሳ ነው፤ አሮጌው የጅቡቲ መስመር ኤሌክትሪክ አልነበረውም፤ ከእንፋሎት ወደ ናፍጣ ተሻገረ እንጂ። ሽቦ ኖሮ ባቡሩ አጭር፣ ዙሪያው ፎቅ ከሆነ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። ገደል፣ ዋሻና ጥቁር የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከታየ ወደ ኤርትራ ማሰብ ይበጃል። የሐዲዱ ስፋትም ይናገራል፦ የኤርትራው 95 ሴንቲ ሜትር፣ የፈረንሳዮቹ አንድ ሜትር፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር 143.5 ሴንቲ ሜትር ነው። አሮጌዎቹን በአካል ማየት የሚፈልግ ድሬዳዋ ይሂድ፤ የድሮው ድርጅት የፈረንሳይኛ ስም በጣቢያው በር ላይ አለ፤ በጥገና ክፍሉም አሮጌ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ቆመዋል።

የዛሬው የጭነት ባቡር የሚታየው በአዲሱ መስመር ነው። ከሰበታ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ሐዲድ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ መደበኛ አገልግሎቱን በ2010 ዓ.ም. ጀመረ። ኮንቴነር፣ ማዳበሪያና ስንዴ ወደ ላይ፣ ቡና ወደ ታች ይመላለሱበታል። ጣቢያዎቹ ከከተሞች ራቅ ብለው ስለተሠሩ ባቡሩን በየቀኑ የሚያየው ከተሜው ሳይሆን ከብትና ግመል የሚጠብቀው ሰው ነው። እሱ ደግሞ ባቡሩን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው፤ መስመሩ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ እንስሳት ተገጭተውበታል።

መቀሌን ከዚህ መስመር ጋር የሚያገናኘው ዕቅድ ሁለት ክፍል አለው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ ያለውን 390 ኪሎ ሜትር ያህል የቱርኩ ያፒ መርከዚ፣ ከሐራ ገበያ መቀሌ ያለውን 216 ኪሎ ሜትር ያህል የቻይናው ኮሙኒኬሽንስ ኮንስትራክሽን ድርጅት ያዙት። ሥራው በ2007 ዓ.ም. በይፋ ተጀመረ። ከወሎ ቆላ ተነስቶ በአላማጣና በመኾኒ በኩል ከ2,000 ሜትር በላይ ወዳለው ደጋ መውጣት ቀላል አይደለም። ከተራራው ይልቅ ሥራውን የያዘው ግን ገንዘብ ነበር። የብድሩ አቅርቦት ስለተጓተተ ሥራው ቀድሞም እየተንቀራፈፈ ሳለ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ተጀመረ።

በጦርነቱ ዓመታት መቀሌ ጭነት ቆጣሪ ከተማ ሆነች፤ ይህኛው ግን የትርፍ ጊዜ ልማድ አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት ለትግራይ በቀን 100 የእርዳታ መኪና ያስፈልጋል ይል ነበር፤ ከሰመራ በአብአላ በኩል ዛሬ ስንት ገባ የሚለው ቁጥር የዓለም ዜና ሆነ። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት 2014 ዓ.ም. በየብስ አንድም የእርዳታ ተሽከርካሪ አልገባም። ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጠው ስለነበር በስክሪን ባቡር ማየትም ቀርቶ ነበር።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ጦርነቱን የሚያቆም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ስልኩ ተመለሰ፤ አውሮፕላኑም በታኅሣሥ አሉላ አባ ነጋ ላይ አረፈ። የኮንቴነሩ ጉዞ አሁንም በተሳቢ መኪና ነው፦ ከጅቡቲ ተነስቶ አፋርን አቋርጦ መቀሌ ደረቅ ወደብ ይራገፋል። የሐራ ገበያው ሐዲድ ሳያልቅ ቆሟል፤ እስካሁን አንድም ፉርጎ መቀሌ አልገባም።