ሰይጣን ቤትና የሰው እጅ

በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚታይበት ቤት በአዲስ አበባ በተከፈተ ጊዜ፣ የከተማው ሕዝብ ስም ለማውጣት አልዘገየም፤ «ሰይጣን ቤት» አለው። ሰው በግድግዳ ላይ ሲራመድና ሲስቅ፣ ትናንት የሞተውም ዛሬ ተነሥቶ እንደገና ሲሞት ላየ ተመልካች፣ ስሙ ያለ ምክንያት የወጣ አልነበረም። ይሁን እንጂ በዚህ ስም ውስጥ አንድ የተሸሸገ ነገር አለ። መሣሪያውን የሚያዞረው ሰው ከተመልካቹ ጀርባ በጨለማ ውስጥ ተሰውሯል። የሠራው እጅ ሳይታይ ሲቀር፣ የሥራው ባለቤትነት ለሰይጣን ይሰጣል።

ይህ የእኛ አገር ሕዝብ የዋህነት ብቻ አይደለም። የሊዬዥ ተወላጅ የነበረው ኤቲየን ጋስፓር ሮቤር፣ በመድረክ ስሙ ሮበርትሶን፣ በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በፓሪስ፣ ቀድሞ የካፑሲን መነኮሳት ገዳም በነበረ ሕንፃ ውስጥ «ፋንታዝማጎሪያ» የተባለውን ትርኢት ያሳይ ነበር። የሥዕል ፋኖሱን በመንኰራኵር ላይ አድርጎ ከመጋረጃው በስተጀርባ ወደፊትና ወደኋላ ሲያንቀሳቅሰው፣ የሙታን ምስል እያደገ ወደ ተመልካቹ የሚመጣ ይመስል ነበር። አስፈሪው ነገር ብርሃን፣ መስተዋት፣ ጭስና የአንድ ብልህ ሰው እጅ ነበር።

ከሁለት ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ይኸው ስም በአሜሪካ በአንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ተጻፈ። «ፋንታዝማጎሪያ» የተባለውን ይህን ጨዋታ ያዘጋጀችው ሮቤርታ ዊሊያምስ ስትሆን፣ ያወጣው ሲዬራ ኦን ላይን የተባለው ኩባንያ ነበር። ጨዋታው በሰባት ሲዲዎች ተሠራጨ። ከዚያ በፊት በአብዛኛው ጨዋታ ላይ የሚንቀሳቀሱት በእጅ የተሣሉ ምስሎች ነበሩ፤ በዚህኛው ግን የሚንቀሳቀሱት ሥጋና ደም ያላቸው ተዋንያን ናቸው። ተጫዋቹ በመዳፊት ጠቅ ባደረገ ቁጥር ዋናዋ ተዋናይት ቪክቶሪያ ሞርሴል በር ትከፍታለች፣ ደረጃ ትወጣለች፣ ትጮኻለች።

የቴአትር ሰው ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ተዋናይቱ የምትራመድበት ግዙፍ ቤት ከቶውንም አልነበረም። አብዛኛውን ድርጊት የተጫወተችው በባዶ ሰማያዊ ግድግዳ ፊት ሲሆን፣ አዳራሹም፣ ጸሎት ቤቱም፣ ደረጃውም በኋላ በኮምፒውተር ተሠርተው ከጀርባዋ ገቡ። ተመልካች በሌለበት፣ አጸፋውን የሚመልስ ዕቃ እንኳ በሌለበት መፍራት፣ ለማንኛውም ተዋናይ ከባድ ፈተና ነው። ዛሬ ጨዋታውን ዳግም የሚያይ ሰው ሥዕሉ ሻካራ፣ እንቅስቃሴውም የተቆራረጠ ሆኖ ያገኘዋል፤ የፍርሃቱ እውነተኛነት ግን አሁንም ከተዋናይቱ ፊት ላይ ይነበባል። ስልቱ ብዙ ዘመን አልቆየም። ለእያንዳንዱ ምርጫ አዲስ ቀረጻ ስለሚያስፈልግ ወጪው ከበደ፤ በዚያው ዘመን የተስፋፋው ባለ ሦስት አውታር ሥዕል ደግሞ ለተጫዋቹ የበለጠ ነፃነት ሰጠው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አድሪየን የተባለች ደራሲና ዶን የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ባሏ፣ ቀድሞ የአንድ አስማተኛ መኖሪያ የነበረ ቤት ገዝተው ይገባሉ። አስማተኛው ሚስቶቹን በየተራ አሰቃይቶ የገደለ ሰው ነበር። አድሪየን ተዘግቶ የኖረ ሣጥን ስትከፍት ክፉ መንፈስ ይለቀቅና በባሏ ላይ ያድራል። ያ ገር ባል ይቆጣል፣ ይሳደባል፣ በመጨረሻም በገዛ ሚስቱ ላይ በጉልበት ይነሣል። በዚህ ትዕይንትና በግድያዎቹ ምክንያት ጨዋታው ታላቅ ክርክር አስነሣ፤ አውስትራሊያም ለሽያጭ እንዳይቀርብ ከለከለች።

ክርክሩ በአብዛኛው ደም ይታይ ወይስ አይታይ በሚል ነበር። ጠለቅ ያለው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ያን እጅ ያነሣው ማን ነው? ታሪኩ «መንፈሱ ነው» ብሎ ይመልሳል። ባልየው ነፃ ወጣ፤ የቤቱም ሥርዓት ሳይመረመር ቀረ። ለዚህ መልስ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ሚስቱን የደበደበ ሰው በሽማግሌ ፊት ቀርቦ «ሰይጣን አሳሳተኝ» ሲል ያልሰማ የለም። ሽማግሌም ሰይጣንን ረግሞ፣ ባልን መክሮ፣ ሚስትን ወደዚያው ቤት ይመልሳታል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ እንኳ፣ በአንቀጽ 620 የመድፈርን ወንጀል የሚደነግገው ከጋብቻ ውጭ ለተፈጸመው ነው። በሣጥኑ ውስጥ የተዘጋው ነገር ምን እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ሣጥኑን መንፈስ ሳይጠሩ የከፈቱ ሰዎች ግን ከከምባታ ተነሥተዋል። የከምባታ ተወላጅ የሆኑት ቦጋለች ገብሬ ከእኅታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 «ከምባቲ መንቲ ጌዚማ»ን መሠረቱ፤ ትርጓሜውም በአንድነት የሚሠሩ የከምባታ ሴቶች ማለት ነው። ድርጅቱ የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን የተዋጋው በዋናነት በማኅበረሰብ ውይይት ነበር። ሽማግሌው፣ እናትየው፣ ወጣቱ፣ የሃይማኖት አባቱ በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ከአያት የወረደ ትእዛዝ ሲባል የኖረውን ነገር፣ በሰው እጅ የሚሠራ፣ በሰው እጅም የሚቆም መሆኑን ተነጋገሩ። ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች፤ ሙሽራውም በዚህ መደሰቱን በሕዝብ ፊት ገለጸ። ቦጋለች ገብሬ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2013 የንጉሥ ቦዱዌን ሽልማትን ተቀብለው፣ በ2019 አረፉ።

ጨዋታው በወጣበት ዘመን በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ የግል ኮምፒውተር ብርቅ ነበረ። የእነዚህ ከተሞች ወጣት የሩቅ አገርን አስፈሪ ታሪክ ያወቀው በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነው። ዛሬ ስልክ በእጁ ይዟል፤ ሆሳዕናም የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሆናለች። በአዲስ አበባ ወጣቶች ከድስት የምታመልጥ ዶሮን ጀግና አድርገው «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጨዋታ ሠርተዋል። የሀዲያና የከምባታ ልጅም በምድጃ ዳር የሰማውን የሌሊት ተረት በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ተዋንያን የሚያቀርብበት ቀን ሩቅ አይደለም።

ያን ጊዜ ምርጫው በእርሱ እጅ ይሆናል። መምህሩም ሆነ ከያኒው ሊያስተምረው የሚገባው ፍርሃትን መሸሽን አይደለም፤ ፍርሃትማ ልብን የሚያነቃ የጥበብ መሣሪያ ነው። ሊያስተምረው የሚገባው ሮበርትሶን ከመጋረጃው ጀርባ የሰወረውን፣ የከምባታ ሴቶች ግን በአደባባይ ያወጡትን ነገር ነው፤ ጥላው ሲያስፈራ፣ ፋኖሱን የያዘው ማን እንደሆነ ዞሮ ማየትን።